በ1300 ቮልስ ሞተር ላይ የ1600 ዱዋል ፖርት ቴስታታ መግጠም

ኤፍ_ሞተር፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሞተሩ 1300 ነው፤ ቁጥሩ በኤፍ ይጀምራል። ሲንግል ፖርት (በአንድ ጎን አንድ የአየር መግቢያ ብቻ ያለው) ቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋው የሞተር ራስ፤ 30 ፒክት 1 ካርቡሬተር፣ 12 ቮልት። አሁን ሁለት ያገለገሉ የ1600 ዱዋል ፖርት (በአንድ ጎን ሁለት መግቢያ ያላቸው) ቴስታታዎች እጄ ገብተዋል። ሲሊንደርና ፒስተን ሳልነካ ቴስታታውን ብቻ ቀይሬ መግጠም እችላለሁ? ካልሆነ ምን ምን ያስከትላል? መኪናዋ አዲስ አበባ ነው የምትነዳው፤ አልፎ አልፎ ድሬዳዋ ትወርዳለች።

ቶርኖ_ቤት፦
አትችልም። ምክንያቱ የጉልበት ጉዳይ አይደለም፤ አይገጥምም። የ1300 ሲሊንደር ውስጡ 77 ሚ.ሜ. ነው፣ የ1600 ደግሞ 85.5። ሲሊንደሩ ቴስታታው ውስጥ የሚቀመጥበት ክብ ቁራጭ (ተቆርጦ የወጣ ጎድጓዳ) በዚያው ልክ ይሰፋል። የ77ቱን ሲሊንደር በ1600 ቴስታታ ውስጥ ብታስገባው ዙሪያውን ይላወሳል፤ መሃሉን የሚይዝለት ነገር የለም። ይህ ሞተር ደግሞ እንደ ሌሎች መኪኖች ወፍራም የቴስታታ ጓርኒሲዮን የለውም፤ የብረቱ ሲሊንደር አፍ በቀጥታ አሉሚኒየሙ ላይ ተጨምቆ ነው የሚዘጋው። መቀመጫው ትክክል ካልሆነ ጋዙ በጎን ያመልጣል፣ ያመለጠበትንም ቦታ እንደ መበየጃ እሳት ይበላዋል።

ደስ የሚለው ነገር የክራንክኬዙ (ሲሊንደሮቹ የሚሰኩበት የሞተሩ አካል) ቀዳዳ ለ1300ም፣ ለ1500ም፣ ለ1600ም አንድ መሆኑ ነው። የክራንክሻፍቱ ምትም (ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመት) በሦስቱም 69 ሚ.ሜ. ነው። ስለዚህ አራት የ85.5 ሲሊንደርና ፒስተን ከገዛህ ሞተሩን ሳትከፍተው፣ ክራንክኬዙንም ሳታስላጨው ትገጥማለህ። ያኔ 1285 ሲሲ የነበረው 1584 ሲሲ ይሆናል። ቴስታታና ሲሊንደር አብረው ይሄዳሉ፤ ነጥሎ መቀየር የለም።

ነጭ_ጋዝ፦
ቶርኖ ቤት ያለው ላይ ልጨምር፤ ሲሊንደሩን በሆነ ብልሃት መሃል ላይ ብታስይዘው እንኳ ትርፍ የለውም። ሂሳቡን እዩት። የአንዱ 77 ሲሊንደር ይዘት 321 ሲሲ ነው። የ1600 ቴስታታ የቃጠሎ ጓዳ እንደ ሥሪቱ ከ50 እስከ 54 ሲሲ ይደርሳል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከሲሊንደሩ አፍ በታች የሚቀረው ክፍተት 1.5 ሚ.ሜ. ከሆነ ሌላ 7 ሲሲ ይጨምራል። በ54 ሲሲ ብንሄድ ድምሩ 61 ነው። 321 ለ61 ስታካፍል 5.26፣ አንድ ስትጨምርበት የኮምፕሬሽን ሬሾው (ድብልቁ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ) 6.3 አካባቢ ይመጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ 7.3 የነበረ ሞተር ማለት ነው። ትልቅ ቴስታታ በትንሽ ሲሊንደር ላይ ማለት ትልቅ በር ያለው ባዶ ቤት ነው፤ አየሩ በደንብ ይገባል፣ የሚጨምቀው የለም። የእንጦጦን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ ከድሮው ይብስሃል።

ኤፍ_ሞተር፦
ገባኝ። ቴስታታውን ቶርኖ ቤት አስላጭቼ ጓዳውን ባሳንሰውስ?

ቶርኖ_ቤት፦
መላጨት ጥልቀቱን እንጂ ስፋቱን አይቀይርም፤ ክቡ ቁራጭ ያው ሰፊ ሆኖ ይቀራል። 77ቱን ሲሊንደር ማስቀረት ከፈለግህ መንገዱ ሌላ ነው፤ ቁጥሩ በኤቢ የሚጀምረው የ1300 ዱዋል ፖርት ሞተር ቴስታታ። እሱ በ77 ሲሊንደር ላይ በቀጥታ ይቀመጣል፣ ቫልቮቹም ለዚያው ሞተር የተመጠኑ ናቸው። ፋብሪካው ከዚያ ያገኘው 44 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ያንተ የኤፍ ሞተር 40 ነው። የ1600 ዱዋል ፖርቱ፣ በኤዲ የሚጀምረው፣ 50 ነው። ለአራት ፈረስ ጉልበት ቴስታታ፣ ማኒፎልድ (ከካርቡሬተሩ ወደ ቴስታታው የሚሄደው ቱቦ) እና ላሜራ (ቀዝቃዛውን አየር የሚመራው ቆርቆሮ) ሁሉ መቀየር ያዋጣል ወይ የሚለውን አንተ ወስን። በእኔ ግምት አያዋጣም። የ1600ው ቴስታታ አንዴ እጅህ ላይ ካለ ሲሊንደሩን ግዛና ጨርሰው።

ሦስተኛው_ሲሊንደር፦
ከመግዛትህ በፊት ግን ቴስታታዎቹን መርምር። ሶማሌ ተራ የሚገኘው ያገለገለ ቴስታታ ግማሹ የተሰነጠቀ ነው ብዬ ባስብ ይሻለኛል። ካርቦኑን በነጭ ጋዝና በነሐስ ብሩሽ አጽዳ፤ በሽቦ ዲስክ አትፋቀው፣ ስንጥቁን ይደፍነዋል። ከዚያ እነዚህን ተመልከት።

ከካንዴላው ቀዳዳ ወደ ቫልቭ መቀመጫው የሚሄድ ስንጥቅ። በጣም የተለመደው ይኸ ነው። በሁለቱ ቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ያለውም ቀጭን ድልድይ እንዲሁ። ጥርስ የሚጎትት ፀጉር መሳይ መስመር ካለ ቴስታታውን ለሚያቀልጥ ሽጠው።

የካንዴላው ጥርስ። 14 ሚ.ሜ. ነው፣ አሉሚኒየም ስለሆነ በቶሎ ይበላል። በብረት ኢንሰርት ማዳን ይቻላል፤ ይህ ችግር ብቻ ካለ አትጣለው።

የቫልቭ ጋይድ (የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትበት ቱቦ)። አዲስ ቫልቭ አስገብተህ ከመቀመጫው ትንሽ አንሳና በጎን አወዛውዘው። በግልጽ ሲጫወት ካየህ ጋይዱ አልቋል።

የተላጨበት ጥልቀት። ሲሊንደሩ የሚያርፍበት ወለል አራቱም ላይ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ቴስታታ ተላጭቶ ሌላው ካልተላጨ ሞተሩ በአንድ ጎን ብቻ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ይዞ ይንቀጠቀጣል።

የማስወጫ ቫልቭ ደግሞ አሮጌውን ፈጽሞ አትመልስ። አንገቱ ላይ ይደክምና አንድ ቀን ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ይወድቃል፤ ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ቴስታታ አብረው ይሄዳሉ። አራት አዲስ ማስወጫ ቫልቭ ከዚያ ሁሉ ይረክሳል። መቀመጫው በ45 ዲግሪ ይቆረጣል፤ ስፋቱ ማስገቢያው 1.3 እስከ 1.6 ሚ.ሜ.፣ ማስወጫው 1.7 እስከ 2.0። ማስወጫው ሰፋ የሚለው ሙቀቱን ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፈው በዚያ ስለሆነ ነው። አንዳንድ ቶርኖ ቤት አሳምሮ እንደ ምላጭ ያቀጥነዋል፤ ያምራል፣ ይቃጠላል።

ኤፍ_ሞተር፦
እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ሲሊንደሩን ልግዛ እንግዲህ። ከዚያ ሌላ መሰብሰብ ያለብኝ ምንድን ነው? ማኒፎልዱ የድሮው ይሆናል?

ነጭ_ጋዝ፦
አይሆንም። ሲንግል ፖርቱ በአንድ ጎን አንድ ቀዳዳ ነው፣ ዱዋሉ ሁለት። የምትሰበስበው፦ የዱዋል ፖርት ማኒፎልድ (የመሃሉ ቱቦና ሁለቱ የጎን ጫፎች፣ ሦስት ቁራጭ ነው)፣ መሃሉን ከጎኖቹ የሚያገናኙ ሁለት የጎማ ቡት ከአራት ማሰሪያቸው ጋር፣ ሁለት የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን፣ የማርሚታና የማሞቂያ ቱቦው ጓርኒሲዮኖች፣ 16 የፑሽሮድ (ቫልቭ የሚከፍተው ዘንግ) ቱቦ ጎማ፣ አራት የሲሊንደር ሥር ወረቀት፣ ሁለት የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ላሜራው ነው። ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚሸፍኑት ሁለቱ ላሜራዎች ለዱዋል ፖርት የተለዩ ናቸው፤ የድሮውን በመቀስ ቀዶ ማስገባት ይቻላል፣ ግን በተቀደደው በኩል ቀዝቃዛው አየር ሳይሠራ ይወጣል። ከሥር፣ በሲሊንደሮቹና በፑሽሮድ ቱቦዎቹ መካከል የምትገባውንም ትንሽ ላሜራ እንዳትጥላት። ቆሻሻ መስላ ትጣላለች፤ ሥራዋ አየሩን ወደ ሲሊንደሩ የታችኛው ጎን ማጠፍ ነው።

ካርቡሬተሩ ደግሞ 34 ፒክት 3 ነው የሚሄደው። የ30ው እግር ስለሚጠብ አዳፕተር ይፈልጋል። በአዳፕተር ይሠራል፣ ከላይ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል።

ሦስተኛው_ሲሊንደር፦
ስሜን ያገኘሁት ከዚህ ነውና አንድ ነገር ልበል። በድሮው ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው የማራገቢያው ላሜራ ቤት ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚያገኘው አየር መጀመሪያ እሱን አልፎ፣ ሞቆ ነው። የማስወጫ ቫልቭ ሲሰበር ቀድሞ የሚሰበረው የሦስተኛው የሚሆነው ለዚህ ነው። ፋብሪካው ለ1971 ሞዴል ዱዋል ፖርቱን ሲያወጣ ማቀዝቀዣውን በራሱ ጎጆ ወደ ኋላ ያወጣው፣ ማራገቢያውንም ያሰፋው በከንቱ አይደለም። ድሬዳዋ የምትወርድ ከሆነ የ1971ውን ላሜራ ቤት፣ ሰፊውን ማራገቢያና ማቀዝቀዣውን ሙሉ ስብስብ አድርገህ ፈልግ። አንዱን ገዝቶ አንዱን መተው አይሆንም፤ እርስ በርስ ብቻ ነው የሚገጥሙት።

የድሬ_መንገድ፦
ፍሪሲዮኑንም አስቡበት። 1300 ላይ ያለው 180 ሚ.ሜ. ነው፣ 1500ና 1600 ላይ 200። ጤነኛ ከሆነ 180ው ይችለዋል፤ ግማሽ ያለቀ ከሆነ በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ሞተሩ አንዴ ወርዶ ሳለ ማየቱ ይሻላል። ካምቢዮውን አትንካው። የ1300ው የመጨረሻ ሬሾ 4.375 ስለሆነ ሞተሩ በሜዳ ላይ ይጮኻል፣ ለዳገት ግን ያ ነው የሚመቸው።

ቶርኖ_ቤት፦
አሁን ልኬት። ቴስታታው ከመታሰሩ በፊት ሁለት ነገር ትለካለህ።

አንደኛ የጓዳው ይዘት። ቫልቮቹንና ካንዴላውን አስገብተህ ቴስታታውን በጀርባው አስተኛው። መሃሏ የተበሳች ክብ የፕላስቲክ መስታወት ቆርጠህ ሲሊንደሩ በሚያርፍበት ወለል ላይ በግራሶ ለጥፋት። በ60 ሲሲ ሲሪንጅ ነጭ ጋዝ ሙላ፤ አረፋ እስኪጠፋ አዘንብለው። የገባው መጠን የጓዳው ይዘት ነው። አራቱንም ለካ፤ በአንድ ሲሲ ውስጥ መሆን አለባቸው። ትልቁን ለማሳነስ አትሞክር፣ ትንሹን በጥቂቱ እየፋቅህ አስፋው። በዚያው ጋዙ ውስጡ እንዳለ ቆይና በቫልቭ በኩል ወደ ፖርቱ የሚያልብ ካለ ተመልከት፤ የመቀመጫውን ሥራ ትፈትሽበታለህ።

ሁለተኛ የፒስተኑ ክፍተት። ሲሊንደሩን ከሥር ወረቀቱ ጋር ክራንክኬዙ ላይ አስቀምጥ፤ በስታዶቹ (ቴስታታውን የሚያስሩት ረጃጅም ብሎኖች) ላይ ቱቦና ዳዶ አድርገህ ወደ ታች ጫነው። ሳትጭነው ከለካህ የወረቀቱ ውፍረት ይዋሽሃል። ፒስተኑን ጫፍ አድርሰህ በካሊፐር ጥልቀት ለካ። ከ1.0 ሚ.ሜ. በታች አትውረድ፤ ሲሞቅ ፒስተኑ ቴስታታውን ይነካል።

የ85.5 ሲሊንደር ወለል 57.4 ካሬ ሳ.ሜ. ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዷ 0.1 ሚ.ሜ. 0.57 ሲሲ ትጨምራለች። ይዘቱ 396 ሲሲ። ቀሪው ማካፈል ነው።

የድሬ_መንገድ፦
አዲስ አበባ ላይ ሬሾውን 8.3 ማድረስ ምንም ችግር የለውም። አየሩ ስስ ነው። 2,350 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ የሚጨመቀውም በዚያው ልክ። 50 ፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 38 አካባቢ ነው፤ የጠፋውን ትንሽ ለማካካስ ያለው መንገድ ሬሾ ነው።

ሦስተኛው_ሲሊንደር፦
ለአዲስ አበባ ብቻ ቢሆን እስማማለሁ። ጠያቂው ግን ድሬዳዋ ይወርዳል። አዋሽ ስትደርስ ከ1,000 ሜትር በታች ነህ፤ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱ ሌላ። እላይ ላይ ጸጥ ያለው 8.3 እዚያ ሙሉ ጋዝ ስትረግጠው ያንኳኳል (ድብልቁ ያለ አግባብ ይፈነዳል)። በቮልስ ሞተር ደግሞ ማንኳኳቱን አትሰማውም፣ የማራገቢያው ጩኸት ይሸፍነዋል። የምታውቀው ፒስተኑ ሲበሳ ነው። ከ7.5 እስከ 7.8 ይበቃል።

የድሬ_መንገድ፦
በታይሚንግ (ካንዴላው በሚተኩስበት ጊዜ) ማካካስ ይቻላል፤ ከመውረድህ በፊት 3 ዲግሪ መመለስ።

ሦስተኛው_ሲሊንደር፦
ይቻላል። ስንቱ ነው ግን አዋሽ ላይ ቆሞ የኋላ ክዳን ከፍቶ ዲስትሪቢዩተር የሚያዞረው?

ነጭ_ጋዝ፦
ወደ ገጠማው። ፒስተኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፍላይዊሉ ያያል። አራቱን ፒስተኖች መዝን፤ ልዩነታቸው ከ10 ግራም አይበልጥ። የላይኞቹ ሁለት ቀለበቶች ክፍተት ሲሊንደር ውስጥ 0.30 እስከ 0.45 ሚ.ሜ. ነው፤ የሦስቱን ቀለበት አፎች በአንድ መስመር አታሰልፋቸው።

የፑሽሮድ ቱቦዎቹ እንደ አኮርዲዮን የታጠፉበት ጫፍ ሲታሰሩ ይጨመቃል። አሮጌ ከሆኑ በሁለት እጅ ቀስ ብለህ ሳባቸውና ከትከሻ እስከ ትከሻ 190 እስከ 191 ሚ.ሜ. አድርጋቸው። አጭር ከቀሩ ዘይት ያንጠባጥባሉ፤ መልሰህ ማስተካከል የምትችለው ቴስታታውን ፈተህ ነው። ስፌታቸው ወደ ላይ ይሁን። ቴስታታውን ስታስገባ አራቱም ቱቦዎች በጎማቸው ውስጥ መቀመጣቸውን በባትሪ እያበራህ እይ፤ አንዱ ጎማ ከታጠፈ ሁሉንም ትደግመዋለህ።

በአንድ ቴስታታ ስምንት ዳዶ አለ። መጀመሪያ ሁሉንም በ10 ኒውተን ሜትር፣ ከመሃል ወደ ዳር እያቋረጥክ። ከዚያ የመጨረሻው፦ ስታዱ 10 ሚ.ሜ. ከሆነ 32 ኒውተን ሜትር፣ 8 ሚ.ሜ. ከሆነ 25። ያንተ ኤፍ 10 ነው የሚሆነው፤ ግን ለካው፣ ክራንክኬዙ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። በእጅ ግምት አይታሰርም፣ የቶርክ መፍቻ ተዋስ። ሮከሩ (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ) ሳጥን ውስጥ ላሉት ዳዶዎች ከሮንዴላው ሥር ትንሽ ማሸጊያ ቀባ፣ ዘይት በዚያ ይመጣል።

ቶርኖ_ቤት፦
ስታሰር መፍቻው ሳይከብድ የሚዞር ስታድ ካጋጠመህ አቁም። ክራንክኬዙ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ ጥርሱ ከነስታዱ እየወጣ ነው ማለት ነው። አስፍቶ የብረት ኢንሰርት ማስገባት እንጂ ማሸጊያም፣ ቴፕም፣ ጸሎትም አይመልሰውም። ይህን ሥራ አሥራ ስድስቱም ስታድ ላይ አንዴ አሠራውና እርሳው።

ኤፍ_ሞተር፦
ለካሁት። ጓዳዎቹ 53፣ 53፣ 52.5፣ 53 ናቸው። ክፍተቱ አራቱም 1.4 ሚ.ሜ.። ስንጥቅ የለም፤ የአንዱ ካንዴላ ጥርስ ግን ተበልቷል፣ ኢንሰርት ይገባለታል።

ነጭ_ጋዝ፦
1.4 ማለት 8 ሲሲ። 53 ሲደመር 8፣ 61። 396 ለ61፣ 6.5 ያህል፤ ሲደመር አንድ፣ 7.5። የፋብሪካው ቁጥር ላይ ነው የቆምከው። 8.0 ለማድረስ ወደ 4.4 ሲሲ መቀነስ ነበረብህ፤ ክፍተቱን 1.0 ብታደርገው 2.3 ብቻ ይገኛል፣ ቀሪው መላጨት ነው። ከላጨህ ደግሞ ፑሽሮዱ ይረዝማል፣ የሮከሩ አቀማመጥ ይበላሻል፣ ሥራ ይወልዳል። እንዳለ ግጠመው።

የድሬ_መንገድ፦
እኔም በዚህ ተሸነፍኩ። ለካርቡሬተሩ ግን አዳምጥ። 34ቱ ለባሕር ጠለል ከተመጠነ ጄት (የቤንዚን መመጠኛ ቀዳዳ) ጋር ነው የሚመጣው። አየሩ ሲሳሳ ድብልቁ ይወፍራል፣ አዲስ አበባ ላይ 12 በመቶ ያህል። የጄቱ ቀዳዳ ስፋት በዚያው ልክ ሲቀንስ ቁጥሩ በ6 በመቶ ይወርዳል፤ 130 ከሆነ ወደ 122.5 ማለት ነው። ታች ስትወርድ ግን 122.5 ይከሳል፣ የከሳ ድብልቅ ደግሞ ያሞቃል፣ ያውም በሙቅ አገር። ስለዚህ 125 አድርግና አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ወፍራም ይሁን፤ ቤንዚን ይበላል እንጂ ቫልቭ አይበላም።

ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) በጋዝ መርገጫው ማቆሚያ ብሎን አታስተካክል። 34ቱ ላይ በግራ ጎን ትልቅና ትንሽ ብሎን አሉ፤ ትልቁ ፍጥነቱን፣ ትንሹ ድብልቁን ይይዛል። ትንሹን እስከ መጨረሻው አጥብቀህ ሁለት ተኩል ዙር ፍታና ከዚያ ጀምር። 850 ዙር በደቂቃ ጥሩ ነው።

ዲስትሪቢዩተርህ ቦሽ 009 ከሆነ ስትነሳ ‘ህቅ’ ይላል። ቫኪዩም (በሞተሩ መምጠጥ የሚሠራ የታይሚንግ ማስተካከያ) የለውም፣ 34ቱ ደግሞ ከቫኪዩም ጋር ተመጥኖ የተሠራ ነው። ሰው ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ይፈታል፤ ጥፋቱ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ነው። በቫኪዩም የሚሠራውን ፈልግና 7.5 ዲግሪ ላይ አስይዘው፤ ቱቦው ተነቅሎ ከ3,000 ዙር በላይ ከ28 እስከ 32 መቆም አለበት። ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ተራ 1-4-3-2።

ሦስተኛው_ሲሊንደር፦
የማኒፎልዱ የማሞቂያ ቱቦ በካርቦን የተደፈነ እንደሆነ እይ፤ ብዙዎቹ ተደፍነዋል። በጋለ ሽቦ ይከፈታል። ክረምት ጠዋት፣ እርጥብና ቀዝቃዛ አየር ባለበት፣ ከተደፈነ የካርቡሬተሩ ሥር በረዶ ይይዛል፣ ሞተሩም ቆሞ ያስቸግራል። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሲነሳ ሰው የቤንዚን ፓምፕ ይቀይራል።

ዘይት 2.5 ሊትር። ቫልቭ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሁሉም 0.15 ሚ.ሜ.፤ ከ500 ኪ.ሜ. በኋላ ድገመው፣ የለካኸውንም ሳታስተካክል ጻፈው። ክፍተቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ይናገራልና። የአንድ ማስወጫ ቫልቭ ክፍተት እየጠበበ ከሄደ ቫልቩ እየተለጠጠ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነው፤ ሳይሰበር አውጣው። የአንድ ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች አብረው እየሰፉ ከሄዱ ግን ቫልቩን አትውቀስ፤ ስታዱ እየተነቀለ ቴስታታው ወደ ውጭ እየሸሸ ነው።

ኤፍ_ሞተር፦
ስታዶቹ 10 ናቸው፣ ለክቻለሁ። የ1971ው ላሜራ ቤት ከነማራገቢያው ተገኝቷል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ግን ከሥሩ ያለው አዳፕተር የለውም። ያለ እሱ ይገጥማል?

ሦስተኛው_ሲሊንደር፦
አይገጥምም፤ የድሮ ክራንክኬዝ ላይ የዘይት ቀዳዳዎቹ ያለ አዳፕተሩ አይገናኙም። ጎማዎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው፤ እንደ ክራንክኬዝህ ቀዳዳ ስፋት ምረጥ። የማይመጥን ጎማ ሲያስነሱት ይይዛል፣ ዘይቱ ግፊት ሲያገኝ ይፈነዳል። አዳፕተሩ እስኪገኝ ሞተሩን አትዝጋው።

ኤፍ_ሞተር፦
እሺ ጋሼ፣ እጠብቃለሁ።